አራቱ ቅኝቶች በፓይተን፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ እሁድ

ክራር መማር ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬ ነው። አስተማሪዬን ጋሼን የማገኛቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። በመሃል ቤት የምመታው ነገር ቅኝቱን ይጠብቅ አይጠብቅ የሚነግረኝ የለም። ባለቤቴ "ቆንጆ ነው" ይለኛል። ሁሉንም ነው እንደዚያ የሚለው።

ስለዚህ ፕሮግራም ልጽፍ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይሥራልኝ። አንደኛ፣ ዜማ ስሰጠው ወደ ፈለግኩት መነሻ ድምፅና ወደ ሌላ ቅኝት ለውጦ ያጫውትልኝ። ሁለተኛ፣ የተመታ ነገር ሳስገባለት "ይሄ ባቲ ነው፣ ይሄ አምባሰል ነው" ይበለኝ። መሥሪያ ቤት የምጽፈው በፓይተን ነውና ቋንቋው አያሳስበኝም። ሙዚቃ ግን በኮድ ነክቼ አላውቅም።

ላይብረሪው ሚዩዚክ21 ነው። ኤምአይቲ ውስጥ ለሙዚቃ ጥናት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዋጋ የለውም። የወደድኩለት ኖታን እንደ ተራ ቁጥር አለማየቱ ነው። አንድ ኖታ ስም አለው፣ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የሚደገምበት ደረጃ) አለው፣ ርዝመት አለው። ቁጥሩን ከፈለግኩ ደግሞ ይሰጠኛል፤ መሃለኛው ዶ በሚዲ (ኮምፒውተርና የሙዚቃ መሣሪያ በሚግባቡበት የቁጥር ቋንቋ) 60 ነው፣ 440 ኸርዝ የሆነው ላ 69 ነው። በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ጫንኩት። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋርጦ በሦስተኛው ገባ።

እስካሁን ወጪ፦ የሞባይል ዳታ ብቻ።

ጥቅምት 4

ሁለት ስህተት፣ ሁለቱም የጀማሪ።

ዶን ይዤ በ7 ሴሚቶን (ትንሹ የድምፅ እርምጃ ነው፣ አንድ ኦክታቭ 12 አለው) ከፍ አደረግኩት። ሶል መሆን ነበረበት። ሳጫውተው ያው ዶ ነው። ድምፅ ማጉያውን ነካካሁ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ለካስ ትራንስፖዝ የሚለው ትእዛዝ አዲስ ኖታ ሠርቶ ይመልሳል እንጂ የያዝኩትን አይነካም። የመለሰውን መቀበል አለብኝ፣ ወይም "እዚያው ቀይር" የሚለውን ምርጫ ማብራት አለብኝ። እኔ ወረወርኩት።

ሁለተኛው፦ አንድ ዶ ሠርቼ ዜማው ላይ ሦስት ቦታ ልደግመው ስል ኤረር ሰጠኝ። ያው ኖታ ዜማው ውስጥ አለ አለኝ። እያንዳንዱ ኖታ የራሱ ቦታ ያለው ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ ለድግግሞሽ ኮፒ ማድረግ ግድ ነው። መጀመሪያ አናደደኝ፤ ቆይቼ ሳስበው ልክ ነው። ሦስት ጊዜ የተመታ ክር ሦስት ምት ነው።

ፍላት (በአንድ ሴሚቶን ዝቅ ያለ ኖታ) የሚጻፈው በመቀነስ ምልክት መሆኑንም እዚህ ልያዘው፣ ስለምረሳው።

ጥቅምት 6

ዛሬ ዋናው ሰንጠረዥ። ፓይተን 3 ስያሜዎችን በአማርኛ ፊደል ይቀበላል። መሥሪያ ቤት ብሞክረው ያባርሩኛል፤ ቤቴ ውስጥ ግን ማን ይከለክለኛል?

ቅኝቶች = {
    "ትዝታ ሜጀር": [0, 2, 4, 7, 9],
    "ትዝታ ማይነር": [0, 2, 3, 7, 8],
    "ባቲ ሜጀር": [0, 4, 5, 7, 11],
    "ባቲ ማይነር": [0, 3, 5, 7, 10],
    "አምባሰል": [0, 1, 5, 7, 8],
    "አንቺሆዬ": [0, 1, 5, 6, 9],
}

አራቱ ቅኝቶች ተብለው ስድስት የሆኑት ትዝታና ባቲ ሜጀርም ማይነርም ስላላቸው ነው። ቁጥሮቹ ከመነሻው ድምፅ ስንት ሴሚቶን እንደሚርቁ ያሳያሉ።

ዜማውን በኖታ ስም ሳይሆን በእርከን ቁጥር ነው የማስቀምጠው። ቅኝት መቀየር ያኔ ሰንጠረዥ መቀየር ብቻ ይሆናል። እርከኑን ለ5 አካፍላለሁ፤ ድርሻው ኦክታቩን፣ ቀሪው በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ቦታ ይነግረኛል። ለምሳሌ እርከን 7፦ ለ5 ሲካፈል ድርሻው 1 ቀሪው 2። በትዝታ ሜጀር 4 ሲደመር 12፣ 16 ይሆናል። ከ60 ጋር 76፣ ማለትም የላይኛው ሚ። ያው እርከን በአምባሰል 77፣ የላይኛው ፋ። ሠራ!

አልሠራም። ዜማውን የጻፍኩት ጋሼ እንደሚቆጥሩት ነው፤ የመጀመሪያው ክር "አንድ" ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ሁሉም ነገር አንድ ክር ከፍ ብሎ ወጣ። የሚገርመው አያስጠላም ነበር። አምስቱም ድምፆች የቅኝቱ ስለሆኑ ለጆሮ የሆነ ነገር ይመስላል። ስህተቱን ያገኘሁት በጆሮዬ ሳይሆን ቁጥሩን አትሜ ነው፤ ይሄ ትንሽ አሳፍሮኛል።

ጥቅምት 7

አንድ ሰዓት ተኩል የበላ ስህተት። "ይህ ስም አይታወቅም" ይላል። ስሙ እዚያው ከሦስት መስመር በላይ ተጽፏል። አየዋለሁ፣ እሱ ግን አያየውም። ደምስሼ እንደገና ጻፍኩት፣ ያው። ፋይሉን በሌላ ኤዲተር ከፈትኩት፣ ያው።

ላይ "ድምፅ" ብያለሁ። ታች "ድምጽ"።

ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለፓይተን ሁለት የተለያየ ስም። ከዛሬ ጀምሮ ሁሌ በፀሐዩ ፀ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ያለባቸውን ስሞችም አጸዳሁ። (አጸዳሁ ራሱ በየትኛው ነው የሚጻፈው? ይቅር።)

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ለጋሼ አሰማኋቸው። ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ድምፁ ልክ ነው" አሉ። "ግን ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው እንደ በር የሚያንኳኳው?"

እውነታቸውን ነው። ሁሉም ኖታ በእኩል ጉልበትና በእኩል ርዝመት ነው የሚወጣው። በሚዲ የምቱ ጉልበት ከ0 እስከ 127 ይሰጣል፤ እኔ አልነካሁትም። ማታ የሐረጉን መነሻ ጠንከር፣ መሃሉን ላላ አድርጌ፣ ምቱን በ6/8 አስገባሁት። ላይብረሪው ርዝመትን በሩብ ኖታ ይለካል፤ ስለዚህ የ6/8 አንድ ቤት 3 ይሆናል እንጂ 6 አይደለም። 6 ብዬ ጽፌ ዜማው እጥፍ ተጎተተ። አስተካከልኩ። አሁንም ያንኳኳል፣ ግን ቀስ ብሎ።

ጥቅምት 11

ጋሼ ኖታውን በወረቀት ማየት ፈለጉ። ሙዝስኮር (ኖታ ማሳያ ፕሮግራም) ላይ ከፍቼ አንቺሆዬን ሳይ ያስጠላል። ፋ እና ፋ ሻርፕ አንድ መስመር ላይ ተደራርበው፣ ሶል የሚባል የለም። ምክንያቱ እኔ ነኝ። በሴሚቶን ቁጥር ብቻ "6 ከፍ በል" ስለው የትኛውን ስም እንደምፈልግ አያውቅምና ቀላሉን መረጠ። በክፍተት (በሁለት ድምፆች መካከል ባለው ርቀት) ስም ስነግረው፣ "የተቀነሰ አምስተኛ" ብዬ፣ ሶል ፍላት አደረገው። ድምፁ ያው ነው፣ ወረቀቱ ግን አሁን ይነበባል። ሰንጠረዡ ላይ ከቁጥሩ ጎን የክፍተት ስም ጨመርኩ።

ጥቅምት 13

የድምፅ ምርጫ። የሚዲ መደበኛ ዝርዝር 128 መሣሪያ አለው፤ ክራር የለም። ባንጆ አለ፣ ሲታር አለ፣ ኮቶ አለ። የጃፓኑ ኮቶ ይቀርባል ብዬ ከዝርዝሩ 108 የሚለውን ጻፍኩ። እንደ ጣሳ ያለ ነገር ጮኸ። ዝርዝሩ ከ1 ይቆጥራል፣ ኮዱ ከ0። 108 ስል ካሊምባን ነው የጠራሁት። 107 አደረግኩት። ከዜሮ መቁጠር በዚህ ሳምንት ሁለተኛዬ ነው።

ጥቅምት 19

ወደ ሁለተኛው ሥራ ገባሁ፤ ቅኝት መለየት። ሐሳቡ ቀላል ነው። በዜማው ውስጥ ያሉትን ድምፆች ኦክታቭ ሳልለይ እሰበስባለሁ። ስድስቱን ቅኝቶች በ12ቱም መነሻዎች አሰላለሁ፤ 72 ይሆናሉ። ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም አያለሁ።

በባቲ ሜጀር ሞከርኩ፣ አንድ መልስ። አንቺሆዬ፣ አንድ መልስ። ትዝታ ማይነር፣ ሁለት መልስ፦ "ትዝታ ማይነር ከዶ" እና "አምባሰል ከሶል"።

ባግ (የኮድ ስህተት) ነው ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግኩ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪው 14 በመቶ ላይ ነበር። አጥፍቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በስልኬ መብራት ጻፍኩት፦

ትዝታ ማይነር ከዶ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ርቀታቸው 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4።

ያንኑ አምስቱን ከሶል ጀምሬ፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። ርቀታቸው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4።

የአምባሰልን ዝርዝር አየሁ። 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4።

ባግ አይደለም። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው፤ የተለየው መነሻው ነው። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነርም እንደዚያው ናቸው፤ ከዶ የተነሳ ትዝታ ሜጀር እና ከላ የተነሳ ባቲ ማይነር አንድ ዓይነት አምስት ድምፅ አላቸው። ስለዚህ 72 ስም ቢኖረኝም የተለያየ የድምፅ ስብስብ ያለው 48 ብቻ ነው። 24ቱ ሁለት ሁለት ስም አላቸው።

ባቲ ሜጀር ብቻውን ቆመ። ግን የእሱን ርቀቶች ከኋላ ወደፊት ሳነባቸው ትዝታ ማይነር ይወጣል፣ መነሻውን ብቻ ማንሸራተት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ከኋላም ቢነበብ ያው ራሱ ነው። መብራቱ ሲመጣ በኮድ አረጋገጥኩት። ለፕሮግራሙ ምንም አይጠቅምም፤ ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ድምፆቹ አንድ ከሆኑ እርስዎ በምን ይለዩታል?"

"የት ነው የሚያርፈው?" አሉኝ። "ሲሄድ አትስሚው። ሲያርፍ ስሚው።"

ጥቅምት 25

ማረፊያን ወደ ቁጥር መቀየር።

ሙከራ አንድ፦ ብዙ ጊዜ የተመታው ድምፅ መነሻው ነው። ወደቀ። ከአሥራ ሁለት የመሞከሪያ ዜማዎቼ አምስቱን ብቻ አገኘ። እኔ ትዝታ ስመታ ሶል ላይ ስመላለስ ነው የምውለው፤ ጣቴ የለመደው እሱን ነው።

ሙከራ ሁለት፦ የመጨረሻው ኖታ ብቻ። ስምንት አገኘ። የቀሩት አራቱ መጨረሻቸው የተቆረጠ ነው፤ ስልክ ሲጠራ ያቋረጥኳቸው ሁሉ አሉበት።

ሙከራ ሦስት፦ ለእያንዳንዱ ድምፅ ርዝመቱን እደምራለሁ። ሐረግ የሚዘጋ ከሆነ፣ ማለትም ከኋላው ዝምታ ካለ ወይም ከአማካዩ እጥፍ ከረዘመ፣ ነጥቡን በሦስት አባዛለሁ። ከዚያ ሁለቱ ተፎካካሪ መነሻዎች ብቻ ይወዳደራሉ፤ ሌሎቹን ድምፆች ማወዳደር አያስፈልግም። አሥራ አንድ አገኘ። ሦስት የምትለዋን ቁጥር በዳበሳ ነው ያገኘኋት። በሁለት አሥር፣ በአራት አሥራ አንድ። ሦስት ይሁን።

ኅዳር 1

እስካሁን ዜማውን በእጄ ነው የማስገባው። አሁን ከክራሩ ይግባ። ክራሬ ባለ ስድስት ክር ነው፤ ስድስተኛው የመነሻው ኦክታቭ ነው። በስልክ ስቀዳ የጎረቤት ጄኔሬተር አብሮ ይገባል። መርካቶ ሄጄ ገበቴው ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ (የክራሩን ድምፅ ብቻ የሚቀበል ማይክ) በ900 ብር ገዛሁ። ስልኩ ላይ ስሰካው ዝም። የስልኬ መሰኪያ ማይክን በአራተኛው መገናኛ ነው የሚቀበለው፤ የፒክአፑ ጃክ ባለ ሁለት መገናኛ ነው። መቀየሪያ 350 ብር፣ ለታክሲ 80። ሻጩ "አይጠየቅም፣ ይሠራል" ብሎኝ ነበር።

ድምፁን ወደ ኸርዝ የሚቀይርልኝ ሊብሮሳ የተባለው ላይብረሪ ነው። የተመታ ክር ሲሞት ፕሮግራሙ አንድ ኦክታቭ ዘሎ ይወድቃል፤ 220 የነበረው ድንገት 110 ይሆናል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ስሰጠው ቀነሰ። የቀረው አያስጨንቀኝም፣ ቅኝት ስለይ ኦክታቩን እጥለዋለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጋሼ ክራሬን በአንቺሆዬ ቃኙልኝ። ቱነር የለ ምን የለ፣ በጆሮ። ቤት ስመለስ አንድ በአንድ ለካሁት። መነሻው 220 ኸርዝ፣ አራተኛው ክር 308።

ርቀት የሚለካው በሴንት ነው (ከሳንቲሙ ጋር አይገናኝም)። አንድ ሴሚቶን 100 ሴንት፣ ኦክታቭ 1200። ከ220 እስከ 308 582 ተኩል ሆነ። ሰንጠረዤ ላይ 6 ሴሚቶን፣ ማለትም 600 ነው። ጋሼ ከፒያኖው 17 ሴንት ተኩል ዝቅ አድርገውታል። አንድ ክራር፣ አንድ ቀን ስለሆነ ሕግ አላወጣበትም። ግን 600 ላይ ሳደርገው የሆነ ነገር ይደርቃል። የኔ ጆሮ እንኳ ሰማው።

ፕሮግራሙ እንደሳቸው እንዲያጫውት ፒች ቤንድ (ድምፅን በትንሹ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የሚዲ ትእዛዝ) ያስፈልጋል። ቻናሎቹን (የሚዲ መልእክት የሚሄድባቸውን መስመሮች) በራሴ እጅ መያዝ ስለፈለግኩ ለዚህ ክፍል ሚዶ ወደሚባል ሌላ ላይብረሪ ዞርኩ። ሚዶ ጥሬ የሚዲ መልእክት ነው የሚጽፈው፤ ስለ ሙዚቃ አያውቅም፣ አይከራከርም። ቤንዱ ከዜሮ በታች ከ8192 ተነስቶ ከዜሮ በላይ እስከ 8191 ይሄዳል፤ በተለመደው አሠራር ዳር እስከ ዳር 2 ሴሚቶን ወደ ታች፣ 2 ወደ ላይ ነው። 17.5 ለ200 ተካፍሎ በ8192 ሲባዛ 717 ይሆናል። ወደ ታች ስለሆነ ከዜሮ በታች 717።

ኅዳር 9

የሚዶ ሦስት ወጥመዶች፣ በወደቅኩባቸው ቅደም ተከተል።

ጊዜ። ኖታዎቹን 0፣ 480፣ 960፣ 1440 ላይ አስቀመጥኩ፤ ዜማው እየሄደ እየሄደ ደከመው። ሚዲ ፋይል ውስጥ ቁጥሩ ካለፈው መልእክት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ነው የሚናገረው፤ ከመጀመሪያው አይቆጥርም። ስለዚህ የኔ ኖታዎች 0፣ 480፣ 1440፣ 2880 ላይ ነው የወረዱት። ልዩነቱን እየቀነስኩ ጻፍኩ።

ቤንድ። አራተኛውን ክር ዝቅ ሳደርግ አብሮት የሚጮኸው ሁሉ ዝቅ አለ። ቤንድ የቻናል እንጂ የኖታ አይደለም። ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል ሰጠሁ። 16 ቻናል አለ፣ አሥረኛው የከበሮ ነው፤ ስድስት ክር ብዙ ቦታ አይፈጅም።

መሣሪያ። አንዱ ክር ኮቶ፣ አምስቱ ፒያኖ ሆነው ወጡ። መሣሪያ መምረጫውን የላክሁት ለመጀመሪያው ቻናል ብቻ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ "ይሄኛው ግን ቆንጆ አይደለም" አለኝ። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ላፕቶፑን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ስክሪኑን አዙሬ፣ እሳቸው የፈለጉትን ይመታሉ፣ ፕሮግራሙ ይገምታል። ስድስት ዜማ። ባቲ ሜጀር፣ አገኘ። አንቺሆዬ፣ አገኘ። ትዝታ ሜጀር፣ ባቲ ማይነር፣ አምባሰል፣ ሁሉንም አገኘ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ቡናቸውን ፉት አሉ።

ስድስተኛውን ለረጅም ጊዜ መቱት። ፕሮግራሙ "አምባሰል" አለ።

"ትዝታ ነው" አሉ። ማይነሩን ማለታቸው ነው።

ነጥቡን ከፍቼ አየሁ። ሁለቱ መነሻዎች የተለያዩት በጥቂት ነጥብ ነው። ቀረጻውን ከመጀመሪያው አስደመጥኳቸው። አንድ ደቂቃ ከሃያ አካባቢ ላይ ፈገግ ማለት ጀመሩ።

"እዚህ ጋ ሄጃለሁ" አሉ። "ወደ አምባሰል።"

"መቼ ቃኙት?"

"ምን ያስቃኘኛል? ክሩ ያው አይደል እንዴ?"

እውነትም አንድ ክር አልነኩም። ማረፊያውን ብቻ ከዶ ወደ ሶል አዛወሩት፤ ሊጨርሱ ሲሉ ደግሞ ወደ ዶ ተመለሱ።

ኅዳር 22

ፕሮግራሙ ለአንድ ፋይል አንድ ስም ነው የሚመልሰው። ዛሬ ማታ ያንን አፈረስኩት። አሁን ሐረግ በሐረግ ይገምታል፣ ከሰዓቱ ጋር ዝርዝር ይመልሳል። የጋሼን ቀረጻ አስገባሁ፦ ትዝታ ማይነር ከ0:00፣ አምባሰል ከ1:22፣ ትዝታ ማይነር ከ2:47። መሃል ላይ፣ 1:58 አካባቢ፣ ለአራት ሰከንድ አንቺሆዬ ይላል። እሳቸው ሲያስነጥሱ ይሆናል። ነገ አዳምጠዋለሁ።